ከጥርሱ ሰኮናው



ዛሬ እዚህ ባሌ፣ አንገቱ ላይ የማወራችሁ ስለ ከብት እግር ነው። ስለ ከብት አፍ ብዙ ሰምታችኋል። ግጦሽ አለቀ፣ ሳሩ ተመለጠ፣ ከብቱ በዛ ሲባል ሁላችንም የሚታየን ጥርሱ ነው። ላም ግን የምትበላው በአንድ አፍ፣ የምትረግጠው በአራት እግር ነው። ስትበላ ትረግጣለች፤ ጠግባም ትረግጣለች። ወደ ውሃ ስትወርድ፣ ማታ ወደ በረት ስትመለስ ትረግጣለች። የበላችው ሳር ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል። የረገጠችው አፈር ግን፣ በተለይ ርጥብ ሳለ የረገጠችው፣ ቶሎ አያገግምም። እኔ ከጥርሱ ይልቅ የምፈራው ሰኮናውን ነው። ለምን እንደምፈራው ላስረዳችሁ ነው የመጣሁት።

እግር አፈርን ምን እንደሚያደርገው እናንተ ከኔ በፊት ታውቃላችሁ። አውድማ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ሳሩ ይነቀላል፣ ውሃ ይረጫል፣ ይረገጣል፣ በእበት ይለቀለቃል፤ ከዚያ በሬዎቹ ሲዞሩበት ይውላሉ። የሚፈለገው ፍሬው ከአፈር ጋር የማይቀላቀልበት፣ ውሃም የማያስገባ ጠንካራ ወለል ነው። ለግድግዳ ጭቃ ያቦካ ሰውም ያውቀዋል፤ ጭዱ ከአፈሩ ተዋህዶ አየሩ እስኪወጣ ድረስ በእግር ይታሻል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ደግሞ ያለሰለሰውን ማሳ ከብት እየነዳ ያስረግጠዋል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነውና ልል አፈር ውስጥ ሰምጦ እንዳይቀር ነው።

ስለዚህ ርጥብ አፈር ሲረገጥ ጠጣር እንደሚሆን ያገራችን ገበሬ ማንም ሳያስተምረው ደርሶበታል፤ ደርሶበትም ሥራ ላይ አውሎታል። አውድማውን አውድማ የሚያደርገው አስቦበት ነው። የግጦሽ መሬታችንን ግን ሳናስበው አውድማ እያደረግነው ነው። አውድማ ላይ ደግሞ ሳር አይበቅልም፤ የተሠራው እንዳይበቅልበት ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንዲት ያገራችን ላም 250 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። የአንዱ ሰኮናዋ ስፋት 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቆማ ሳለች በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አፈር ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ታሳርፋለች። ስትራመድ ግን ክብደቷ በሁለት ወይም በሦስት እግር ላይ ይወድቃል፤ ጫናው አንድ ተኩል፣ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ቁልቁለት ስትወርድ ከዚያም ያልፋል። በግ ቀላል ናት፤ ጫናዋ የላሟ ግማሽ ያህል ነው። ሆኖም ሰኮናዋ ትንሽና ስለታም ስለሆነ ሳሩን መቁረጡ፣ አፈሩን መጫሩ አይቀርም።

የሮቤና የሲናና ስንዴ አራሾች ትራክተርና ኮምባይነር መሬቱን ይጠቀጥቃል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ግን በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲታይ የምትራመድ ላም ሰኮና ከትራክተር ጎማ የሚያንስ ጫና የለውም። ልዩነቱ ትራክተሩ ከባድ በመሆኑ ጫናውን ወደ ጥልቁ ማውረዱ ነው። የላም ጉዳት በአመዛኙ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ባለው የላይኛው አፈር ውስጥ ይቀራል። ያ ንብርብር ግን የሳር ሥር የሚበዛበት፣ የምድር ትል የሚቆፍርበት፣ ፍግ ተብላልቶ አፈር የሚሆንበት ቤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ላሟ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ በእርምጃዋ ርዝመት ሲሰላ፣ 28 ሺህ ያህል ዱካ ታትማለች። በሰኮናዋ ስፋት ሲባዛ ወደ 200 ካሬ ሜትር ይመጣል። ሃምሳ ከብት ያለው መንጋ በአንድ ቀን አንድ ሄክታር ያህል መሬት ይረግጣል ማለት ነው። ዱካው በሜዳው ሁሉ ቢበተን ባልከፋ። ግን አይበተንም። ከብት በለመደው መንገድ ይሄዳል፣ በለመደው በር ይገባል፣ በለመደው መልካ ይጠጣል። ስለዚህ አንዱ ቦታ በዓመት አንዴም ሳይረገጥ ሲቀር ሌላው በቀን መቶ ጊዜ ይረገጣል።

አሁን ወደ አፈሩ ውስጥ እንግባ። ጤነኛ አፈር ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። እፍኝ ጥሩ የባሌ አፈር ብታነሱ፣ ከያዛችሁት ግማሽ ያህሉ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ አየርና ውሃ ይፈራረቁበታል። ሥር የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ዝናብ የሚሰርገው በዚያ ነው። ሰኮና ሲያርፍ መጀመሪያ የሚጠፉት ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ውሃን ቶሎ ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ደቃቆቹ ይቀራሉ፤ እነሱ ውሃውን ይይዛሉ እንጂ አያሳልፉትም። ለዚህ ነው በጣም የተረገጠ መሬት በክረምት ውሃ ቋጥሮ የሚጨቀየው፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጠቀው። አንዱ መሬት በሁለቱም ችግር ይታመማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ እርጥበቱ ነው። ደረቅ አፈር ጫና ይችላል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ይሸከማሉ። ርጥብ ሲሆን ውሃው ቅባት ይሆንላቸውና እየተንሸራተቱ ይጠጋጋሉ። ሸክላ ሠሪ ለምን በርጥቡ እንደምትሠራ የሚያውቅ ይህንን ያውቃል። ያው መንጋ፣ በዚያው ሜዳ፣ በጥር ቢገባና በሐምሌ ቢገባ ሁለት የተለያየ ሥራ ሠርቶ ይወጣል። በጥር ሳሩን ግጦ ይሄዳል። በሐምሌ ሰኮናው ሰምጦ ጉድጓድ ያበጃል፣ ጭቃው ሳሩን ይደፍነዋል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው ውስጥ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለ ከብት ብዛት ስንከራከር የከብቱን ጊዜ የምንረሳው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የባሌ ደጋ ደግሞ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣበት አገር ነው፤ ሁለት ጊዜ የሚዘራበት፣ ሁለት ጊዜም መሬቱ የሚለሰልስበት። ጨፌው በዓመቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ርጥብ ነው።

ተክሎቹስ? ሳር ትልቅ ስጦታ አለው፤ የሚያድግበት ቦታ ከላይ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከታች ከአፈሩ ጥግ ነው። ስለዚህ ቢጋጥም፣ ቢታጨድም ያድጋል። ብዙ አበባ ያለው ቅጠላ ቅጠል ግን የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ጫፉ ከተሰበረ ለማገገም ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በእግር መንገድ ላይ የሚበቅሉ ተክሎችን አጥንቶ ነበር። ያገኘው ነገር ከደጃችን የምናየው ነው። በሚረገጥ ቦታ የሚተርፉት ወይ መሬት ለመሬት የሚሳቡ፣ ወይ ቅጠላቸውን ከመሬት ጋር ዘርግተው የሚተኙ፣ ወይ ቡቃያቸውን ከአፈር በታች የሚሸሽጉ ናቸው። የኛ ሰርዶ እንደዚያ ነው። ጎርተብም እንደዚያ ነው። ረጅሞቹ፣ ለምለሞቹ፣ ከብቱ የሚወዳቸው ይጠፋሉ። እዚህ ላይ ጥርስና ሰኮና ይተባበራሉ። ጥርሱ የሚጣፍጠውን ይመርጣል፣ ሰኮናው ለስላሳውን ይሰብራል፤ የሚቀረው የማይበላና የማይሰበር ነው። በተረበሸ መሬት ላይ ጭቁኝ ሲስፋፋ ያያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። ሰርዶ ግን አህያዋ ብትሞትም ይበቅላል፤ የተሠራው ለመረገጥ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰርዶ ብቻ የሚቀርበት ሜዳ ነው። ሰርዶ ላም አያስርብም፣ እውነት ነው። ሆኖም ሰርዶ ብቻ ያለበት መሬት ውስጥ ማገጥ የለም፣ ጥልቅ ሥር የለም፣ ንብ የምትቀስመው አበባም እምብዛም የለም። ከሐረና ደን ዛፎች ላይ ቀፎ የሰቀላችሁ ይህ ነገር የእናንተም ነገር ነው።

አሁን ወደ ላይ፣ ወደ ሳነቲ ልውሰዳችሁ። ከጎባ ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ የሚያልፍበትን ያንን ሰፊ ሜዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 4 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ወርዶ ያውቃል፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይለበልባል። ተክል በዚያ ቦታ በጣም በዝግታ ነው የሚያድገው። ጅብራ ለማበብ ብዙ ዓመት ይወስድበታል፤ አንዴ አብቦም ይሞታል። ጦስኙ፣ ጓሳው፣ ብርማ ቅጠል ያላቸው ትንንሽ ቁጥቋጦዎች ሁሉ የዝግታ ልጆች ናቸው።

እዚያ ላይ ሰኮና አንድ ቦታ ሳሩን ቢቦጭቀው ምን ይሆናል? አፈሩ ይራቆታል። ሌሊት በተራቆተው አፈር ውስጥ ያለው እርጥበት እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የቆመ በረዶ ይሠራል፤ የላዩን አፈር ከነትንንሽ ሥሩ ሽቅብ ያነሳዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ በረዶው ይቀልጥና አፈሩ ላላ ብሎ ይወድቃል። ነፋስ ይወስደዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል። በሚቀጥለው ሌሊት እንደገና። አንድ የከብት ዱካ በቆላ በአንድ ክረምት ሳር ይለብሳል፤ ሳነቲ ላይ ግን ያ ቁስል በየሌሊቱ ይከፈታል። አልብሶት የነበረው የሳር ንጣፍ አንዴ ከተቀደደ መጣፉ የአንድ ትውልድ ሥራ ነው።

ሳነቲ ላይ ሌላ አራሽ አለ። ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የሌለው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከመሬት በታች ይቆፍራል፣ አፈሩን ወደ ላይ ያወጣል፣ ይገለብጣል፣ ያናፍሳል። ሰኮና ያጠበቀውን ፍልፈል ያላላዋል ማለት ይቻላል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በባሌ ከሁሉ አስቀድማ የምታድነው ይህንኑ ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ነው። ሰንሰለቱን ተመልከቱት፤ ሳሩ ለፍልፈሉ ምግብ ነው፣ ልሉ አፈር ቤቱ ነው፣ ፍልፈሉ ለቀበሮዋ ሕይወት ነው። አፈሩ ሲጠብቅና ሳሩ ሲመናመን ፍልፈሉ በሁለት በኩል ይጎዳል።

ግን ፍትሐዊ ልሁን። ከብትና ቀበሮ ጠላት ብቻ አይደሉም። በዌብ ሸለቆ ያጠኑ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮ በከብት መንጋ መካከል ተሸሽጋ ስትሄድ፣ ከብቱን እንደ ሽፋን ተጠቅማ አይጥ ስትይዝ አይተዋል። ሰውም በዚህ ተራራ ላይ እንግዳ አይደለም። በዌብ ሸለቆ ፊንጫ ሀበራ የሚባለው የዋሻ መጠለያ ውስጥ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይቀመጡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታውቋል። ይበሉ የነበረውም ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል ነበር፣ እየጠበሱ። ስለዚህ ሰውን ከተራራው አስወጡት ማለት ታሪኩን አለማወቅ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ሰው ረግጦት የማያውቅ መሬት አይደለም፤ ሰው ለረጅም ዘመን ሲመላለስበት የኖረ መሬት ነው።

ሲመላለስበት ነው ያልኩት። ጎዳንቱን፣ ከብቱን በየወቅቱ ከቦታ ቦታ የማዘዋወሩን ልማድ፣ አስቡ። አባቶቻችን ከብቱን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አያቆሙትም ነበር። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የደሎ መና ከብት ወደ ሐረና ጥላና ሳር ይወጣል፤ በደጋውም ማሳው በእህል ሲያዝ ከብቱ ከእርሻው ርቆ ወደ ላይ ይሄዳል። በየጊዜውም ወደ ሆራው፣ ማለትም ወደ ማዕድን ምንጩ፣ ይወርዳል፣ አምቦውን ይጠጣል። ጎዳንቱን ብዙ ሰው የሚያየው እንደ ሳር ፍለጋ ነው። እኔ የማየው እንደ ዕረፍት ሥርዓት ነው። ከብቱ ሲሄድ የተለቀቀው ሜዳ ወራት ያገኛል። የምድር ትሉ ይመለሳል፣ ሥሩ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ሳሩ ያብባል፣ ዘሩ ይወድቃል። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች «የአፈር ጥቅጠቃ» የሚል ቃል አልነበራቸውም። ውጤቱን ግን ያውቁት ነበር።

አሁን ያ እየተሰበረ ነው። ከሮቤ እስከ ጎባና ከዚያም ወዲህ የነበረው ሜዳ ስንዴና ገብስ ሆኗል። በስንዴው አልከፋም፤ አገር የሚመግብ ስንዴ ነው። ግን ሜዳው ሲታረስ ከብቱ አልቀነሰም፤ ወደ ላይ ተገፋ። ወደ ላይ የሄደው ደግሞ እንደ ድሮው አይመለስም፤ ጎጆ ተቀለሰ፣ በረት ታጠረ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቀረ። ሳነቲና ዌብ፣ የጋይሳይ ሜዳና የሐረና መግቢያዎች የዕረፍት ወራታቸውን አጡ። ከከብቱ ቁጥር ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ የዚህ የዕረፍት ወር መጥፋት ነው።

ሆራው አካባቢ ሂዱና እዩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ላንግ የተባለ አውስትራሊያዊ በደረቅ መሬት ላይ በጎች ውሃ የሚጠጡበትን ቦታ አጥንቶ፣ ከውሃው ዙሪያ እንደ ቀለበት እየሰፋ የሚሄድ ጉዳት አገኘ። ውሃው ጥግ ያለው ባዶ አፈር ነው፣ ትንሽ ራቅ ሲል የማይበላ ተክል፣ ከዚያ በኋላ የተረፈ ሳር። በየሆራችን ዙሪያ ያንኑ ቀለበት ታዩታላችሁ። ወደ ሆራው የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከቀለበቱ ይብሳል። ከብት በአንድ ፈር ተከታትሎ ይወርዳል፤ ፈሩ ይጎደጉዳል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ተዘጋጅቶ የጠበቀውን ቦይ ያገኛል። የብዙዎቹ ቦረቦሮቻችን አባት የከብት መንገድ ነው። ከብቱ ሲሄድበት ይመቸው ዘንድ በቀጥታ ቁልቁል ስለሆነ፣ ውሃውም በቀጥታ ቁልቁል ይሮጥበታል።

በአንድ ሄክታር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 200 ሺህ ሊትር ውሃ ነው፤ አንድ ሺህ በርሜል። ልል አፈር ይህን አብዛኛውን ይጠጣዋል። የተጠቀጠቀ አፈር ግማሹን ቢመልስ 500 በርሜል ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ አፈር ተሸክሞ ይሮጣል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ይህ ተለክቷል። ምዌንዴራና መሐመድ ሳሊም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ከከብት የተጠበቀውን፣ ቀለል ያለ ግጦሽ ያለበትንና እስከ በጣም ከባድ ግጦሽ የደረሰውን መሬት በተለያየ ተዳፋት ላይ አነጻጽረው ነበር። ከባዱ ግጦሽ የሳሩን ሽፋን ቀነሰ፣ የውሃውን ስርገት ቀነሰ፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር ጨመረ። ታርሶ የነበረ መሬት ሲረገጥ ደግሞ የባሰ ሆነ። ከሁሉ ለኛ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ለጥ ያለው መሬት ተዳፋቱ የማይችለውን ግጦሽ ቻለ። ሁሉንም መሬት በአንድ ሕግ ማስተዳደር ስህተት ነው። ሜዳው የሚሸከመውን ከብት ገደሉ አይሸከምም።

ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ውሃ የኛ ብቻ አይደለም። የዌብ ወንዝ ከዚህ ተነስቶ ሶፍ ኡመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። የወልመል ወንዝ ሐረናን አቋርጦ ወደ ገናሌ ይገባል። በሶማሌ ክልልና ከዚያም አልፎ በሶማሊያ የሚኖር ከብት አርቢ በበጋ የሚጠጣው ውሃ በሳነቲ ሳርና ጨፌ ውስጥ ቀስ ብሎ የሰረገው ነው። በክረምት ሮጦ የሄደ ውሃ በበጋ አይገኝም። እዚህ ላይ የረገጥነው ጨፌ እዚያ የደረቀ ጉድጓድ ነው።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ደኑ እንመለስ። ሐረና ውስጥ የዱር ቡና የምትለቅሙ ሰዎች ችግኝ አልበዛም ስትሉ ሰምቻለሁ። ከብት በደን ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቡናውን አይበላም። የጣት ርዝመት ያለው የቡና ችግኝ ግን ሰኮና አይችልም። የኮሶም፣ የዝግባም ችግኝ አይችልም። ከዛፎቹ ሥር ያለው ቅጠል በስብሶ የሠራው ልል አፈር በከብት መንገድ ላይ ሲጠብቅ ዘሩ ቢወድቅም ሥሩ አይገባም። ትልቁ ዛፍ ቆሞ ስላለ ደኑ ያለ ይመስለናል። ልጅ የሌለው ደን ነው። አሮጌዎቹ ሲወድቁ የሚተካቸው የለም።

ከብት መርገጡ ሁልጊዜ ክፉ ነው የሚል ሰው ግን አላምነውም። ቀላል መርገጥ የወደቀውን ዘር ከአፈር ያገናኘዋል፣ የደረቀውን ሳር ሰብሮ ከፍግ ጋር ያዋህደዋል። ዚምባብዌያዊው አላን ሴቮሪ ከዚህ ተነስቶ ብዙ ከብት ለአጭር ጊዜ ተሰብስቦ ቢረግጠው በረሃ እንኳ ይለማል እያለ በዓለም ዙሪያ ሰብኳል። ስብከቱ ብዙ ተከታይ አገኘ፤ በተለያየ አገር የተደረጉት ሙከራዎች ግን አብዛኞቹ አልደገፉትም።  ከሴቮሪ አንድ ነገር እወስዳለሁ፤ አጭር ቆይታና ረጅም ዕረፍት። ያንን ግን ጎዳንቱ ቀድሞ ያውቀዋል።

ምን ይደረግ? ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዳንድ የኒውዚላንድ የወተት ላም አርቢዎች በዝናባማው ክረምት ላሞቻቸውን ጨፌ ላይ አያሳድሩም። በቀን ጥቂት ሰዓት ያስግጧቸውና ወደ ጠጣር ወለል ይመልሷቸዋል። ላም ከምትበላው አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትበላለች፤ ከዚያ በኋላ የምታደርገው በአብዛኛው መርገጥ ነው። ይህን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። እረኛ ይጠይቃል።

ከቅርብ ደግሞ መንዝ አለላችሁ። የጓሳ ማኅበረሰብ በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ለከብትም ለማጭድም ዘግቶ፣ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ያቆየው ነበር። የሚከፈተውም ችግር ሲበረታ በጋራ ውሳኔ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ በኋላ መልሶ በራሱ መተዳደሪያ አቆመው። በቦረናም ካሎ አለ፤ ለጥጃ የሚከለል ሣር። ዕውቀቱ በየቤታችን አለ። የአንገቱ ሰው ለአንድ ጨፌ፣ ለአንድ የሆራ መውረጃ ሕግ ማውጣት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ወደ ሆራው በአንድ መንገድ ብቻ ከመሄድ ሦስት መንገድ አበጅቶ በየወሩ ማፈራረቅ፣ መንገዱን ከቁልቁለቱ ጋር ቀጥ ከማድረግ አግድም ማዞር፣ የመጠጫውን ጥግ በድንጋይ መደልደል፤ ይህ የአንድ ሰንበቴ ወይም የአንድ ደቦ ሥራ ነው።

መምህራንና ተማሪዎች፣ ለእናንተ ደግሞ የሚሠራ ነገር አለ። ክዳንና ታች የሌላቸው ሁለት እኩል የዘይት ቆርቆሮዎች ውሰዱ። አንደኛውን በታጠረ የመቃብር ሥፍራ ሳር ውስጥ፣ ሌላውን ከብት በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቅበሩት። በሁለቱም አንድ ሊትር ውሃ አፍስሱና ሰዓት ያዙ። ውሃው ሰርጎ ለመጨረስ የወሰደበትን ደቂቃ በደብተር ጻፉት። በበጋም በክረምትም ድገሙት፤ በየዓመቱ በዚያው ቦታ ድገሙት። አንገቱ ስለራሷ አፈር የራሷ ደብተር ይኑራት። ለወረዳም ለዩኒቨርሲቲም ስትናገሩ ያን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

እረኞች ልጆቼ፣ ለእናንተ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ዝናብ ጀምሩት። ጠዋት ከብቱን ወደ ጨፌው ከማስገባታችሁ በፊት አንዳችሁ ቀድማችሁ ግቡና በተረከዛችሁ አንዴ ጫን ብላችሁ እርገጡ። እግራችሁን ስታነሱ ጉድጓዱ ውሃ ከቋጠረ ከብቱን መልሱና ወደ ጉብታው ውሰዱት። ነገ ደግሞ እንደገና ረግጣችሁ እዩት።